መስከረም ላይ ደብረ ብርሃን አካባቢ ልጆች ራሳቸው አፕል የሚቀጥፉበት ቦታ ይኖራል?

የቨርጂኒያዋ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፣ አሁን የምኖረው አሜሪካ ቨርጂኒያ። ዘንድሮ ለመስቀል ከሁለት ልጆቼ ጋር እናቴ ጋ እንመጣለን፣ እስከ ጥቅምት አጋማሽ እንቆያለን። ጥያቄዬ የአፕል ነው።

እዚህ መስከረምና ጥቅምት ላይ ቅጠሉ መቅላት ሲጀምር ቤተሰቡ ሁሉ ወደ አፕል እርሻ ይወጣል። በር ላይ ከረጢት ትገዣለሽ፣ ዋጋው እንደ ከረጢቱ መጠን ነው። ከዚያ ትራክተር በሚጎትተው ጋሪ ያሳፍሩሽና ዛፎቹ መሃል ያወርዱሻል። በየረድፉ የዝርያው ስም ተጽፏል። ጋላ ቀድሞ ይደርሳል፣ ፉጂና ግራኒ ስሚዝ ወደ ጥቅምት መጨረሻ ነው። ልጆቹ እየቀጠፉ እየገመጡ ይውላሉ። ስንወጣ ትኩስ የአፕል ጭማቂና ዶናት እንገዛለን፣ ለእነሱ ከልደታቸው ቀጥሎ ትልቁ ቀን ይሄ ነው።

ዘንድሮ ጉዟችን ከዚህ ቀን ጋር ስለገጠመ ትንሿ ልጄ (7 ዓመቷ ነው) «አያቴ አገር አፕል አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ልጅ ሆኜ ደብረ ብርሃን ላይ የማውቀው ባህር ዛፍ፣ ገብስና ባቄላ ነው፣ አፕል የሚባል አላየሁም ነበር። አሁን ግን ከተማዋ ዙሪያ ባለው ባሶና ወራና ወረዳ ገበሬዎች ተክለዋል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው? ልጆቹ ገብተው መቅጠፍ ይችላሉ? በምን ይከፈላል? ትልቁ ልጄ ደግሞ የምንበላውን ሃኒክሪስፕ የሚባል የአፕል ዝርያ ዘሩን አጠራቅሞ ለአያቱ ሊተክል አስቧል፣ ዘሩን በብርጭቆ ይዞ ነው የሚዞረው። ይበቅላል ወይ?

የባሶና ልጅ፦

እህቴ እንኳን ደህና መጣሽ። አዎ አለ። የእኛ ቤት 14 እግር አለ፣ አባቴ ነው የተከለው። ግን አንቺ የነገርሽን ዓይነት እርሻ አድርገሽ እንዳትጠብቂ። በር ላይ ከረጢት የሚሸጥ ሰው የለም፣ ትራክተርም የለም። የሰው ጓሮ ነው። አጥሩ ውስጥ አምስትም አሥርም ዛፍ ይኖራል፣ ከሥሩ ጎመን ወይ ድንች ተተክሏል፣ ውሻ ታስሯል። ባለቤቱ ለገበያ በኪሎ የሚሸጠው ነው፣ የልጆቹ ደብተርና ዩኒፎርም ከዚያ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት ሄዶ ማናገር ያስፈልጋል። ዋጋውን በኪሎ ተስማሙ፣ ሚዛን ላይ አስቀምጣችሁ ክፈሉ፣ ልጆቹ ዛፍ ሥር የበሉትንም አስቡለት። አባቴ የልጅን ጉርሻ አይቆጥርም፣ አንቺ ግን ቁጠሪለት።

የምለው ስላለኝ ነው። አንድ ጊዜ ከከተማ የመጡ ሰዎች ፎቶ እንነሳ ብለው ገቡ፣ አባቴ በደስታ አስገባቸው። እየጎተቱ ሲቀጥፉ ሁለት ቅርንጫፍ ገነጠሉ፣ ያልደረሰውንም አረገፉት። አባቴ ምንም አላላቸውም፣ እንግዳ ናቸው ብሎ። ማታ ግን የተገነጠለውን ቅርንጫፍ በፌስታል ሲጠቀልል አይቼዋለሁ፣ ይጠገን እንደሆነ ብሎ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

እና ለልጆቹ አስቀድመሽ አሳዪያቸው። አፕል ወደ ታች አይጎተትም። በመዳፍ ሙሉ ይያዝና ወደ ላይ ቀና ተደርጎ ትንሽ ይጠመዘዛል። ከደረሰ በራሱ ከነእንጨቱ ይለቃል። እምቢ ካለ አልደረሰም፣ ይተው። ፍሬው የተንጠለጠለባት አጭር ጉጥ አለች፣ የሚቀጥለው ዓመት አበባ የሚወጣው ከእሷ ነው። እሷ አብራ ከመጣች የከርሞውንም ቀጥፋችኋል ማለት ነው። ዛፍ አይነቀነቅም። ቅርጫት ውስጥም አይወረወርም፣ እንደ እንቁላል ነው የሚቀመጠው፣ ምክንያቱም የተመታ አንድ አፕል ከበሰበሰ ሌላውን ይዞ ይሄዳል።

ጊዜውን በተመለከተ ደግሞ እናንተ ጋ ብርዱ ዛፉን ራሱ ያራግፈዋል። እኛ ጋ ቅጠሉ በደንብ ስለማይረግፍ አባቴ በእጁ ነው የሚያረግፈው፣ ቅጠል በቅጠል። ከዚያ በኋላ ነው ዛፉ የሚያብበው። ስለዚህ ፍሬው መቼ እንደሚደርስ የሚወስነው ባለቤቱ ቅጠሉን ያረገፈበት ጊዜ ነው። አንዱ ጓሮ መስከረም ላይ ቀይ ሆኖ ታገኛላችሁ፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው የጎረቤት ዛፍ ገና አበባ ላይ ነው። ወር ጠይቃችሁ አትምጡ፣ ሰው ጠይቃችሁ ኑ።

አረንጓዴ እጅ፦

የግብርና ባለሙያ ነኝ፣ ሰሜን ሸዋ ላይ ጥቂት ዓመት ሠርቻለሁ። ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፣ የዘሩን ጥያቄ እኔ ልመልስ።

አፕል የብርድ አገር ዛፍ ነው። ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ ለብዙ መቶ ሰዓት ካላገኘ ከእንቅልፉ አይነቃም፣ ቢነቃም አበባው እዚህም እዚያም ተበታትኖ ነው የሚወጣው። ሃኒክሪስፕ የብርዳማዋ የአሜሪካ ግዛት የሚኒሶታ ልጅ ናት፣ 800 ሰዓትና ከዚያ በላይ ትፈልጋለች። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፣ ቀኑ ግን ፀሐይ ነው፣ የሚኒሶታ ክረምት አይሆንላትም። ለዚህ ነው አገራችን ላይ አና እና ዶርሴት ጎልደን የተለመዱት። አና እስራኤል ውስጥ ለሞቃት አገር ተብላ የወጣች ዝርያ ናት፣ ዶርሴት ጎልደን ደግሞ ከባሃማስ ናት። ሁለቱም ትንሽ ብርድ ይበቃቸዋል። ብቻዋን የተተከለች አና ግን ብዙ ፍሬ አትይዝም፣ የሌላ ዝርያ የአበባ ብናኝ ትፈልጋለች። አጠገቧ ዶርሴት ይኑር፣ ንብ ይኑር። ቀፎ ያለው ገበሬ አፕሉም ያምርለታል።

ዘሩ ይበቅላል ወይ? ይበቅላል። ግን ሃኒክሪስፕ ሆኖ አይወጣም። አፕል በዘር ሲተከል እናቱን አይመስልም፣ ምን እንደሚወጣ አይታወቅም፣ ለማፍራትም ከስድስት እስከ አሥር ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ገበሬዎች የሚተክሉት በሌላ ግንድ ላይ የተዳቀለ ችግኝ ነው፣ እሱ በሁለትና በሦስት ዓመት ፍሬ ማሳየት ይጀምራል። በዚያ ላይ ዘርም ሆነ ችግኝ ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር ክልክል ነው፣ ለሕግ ብቻ ብዬ አይደለም፣ በሽታ ይዞ ቢገባ ደቡብ ኢትዮጵያ ጨንቻ ላይ በአፕል የሚተዳደረው ገበሬ ሁሉ ይጎዳል። ልጅሽን እንዳታሳዝኚው ደግሞ። ብርጭቆውን እዚያው ይተውና እዚህ ሲመጣ ሁለት የተዳቀሉ ችግኞች ግዙለት፣ አንድ አና፣ አንድ ዶርሴት። ከመግዛታችሁ በፊት ደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ጎራ ብላችሁ ጠይቁ። ውርጭ የሚያርፍበት ዝቅተኛ ቦታ ላይ አይተከል፣ አበባውን በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል።

መድረሱን ለማወቅ ደግሞ አንድ ፍሬ ቆርጣችሁ ዘሩን እዩ። ነጭ ከሆነ ገና ነው፣ ቡናማ ከሆነ ደርሷል። አና ቶሎ ዱቄት ዱቄት ስለምትል ለወር ላስቀምጣት አትበሉ።

የሞጃ ልጅ፦

እኔ አንድ ነገር ልጨምር፣ እታለም። አፕሉ ካልተገኘ ልጆቹ እንዳያዝኑ። አንቺ በምትመጪበት ጊዜ አገሩ እሸት ነው! ከመስቀል በኋላ ባቄላው አተሩ ደርሶ፣ አደይ አበባው ገና አልጠፋ፣ መሬቱ እንደ ምንጣፍ ነው። እኛ ልጆች ሆነን ከትምህርት ቤት ስንመለስ የምንለቅመው አፕል ይሄ ነበር። የሰው ማሳ ዳር ቆመሽ እፍኝ እሸት ቀጥፈሽ ብትበይ ማንም አይቆጣሽም፣ እኛ ሰፈር እንደዚያ ነው ያደግነው። በኪስ ሞልቶ፣ በነጠላ ቋጥሮ መሄድ ነው ነውሩ። ባለቤቱ ካለ ደግሞ «እንደምን ዋላችሁ» ብለሽ ጠይቂ፣ ራሱ ነው ነቅሎ በክንድ የሚያሸክምሽ። እንዲያውም እንቢ ብትይ ይቀየማል።

ልጆቹን ባቄላውን ከነገለባው እሳት ላይ ጣል እያደረጋችሁ አስጠብሷቸው። ሲጠቁር አውጥተው እየፈለፈሉ ይብሉ። እጃቸው ይጠቁራል፣ አፋቸው ይጠቁራል፣ ይጠቁር። ጥሬውን ግን ብዙ አታብያቸው፣ ሆድ ይነፋል። አተሩ ይሻላል ለጥሬ፣ ጣፋጭ ነው።

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ ላይ ማሳውም ዕይታውም አንድ ላይ ነው። ጣርማበር በኩልም ቆንጆ ነው፣ ጉሙ ግን ካረፈ ምንም አይታይም፣ ጠዋት ውጡ። ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ፣ ከልጆች ጋር ናችሁና።

ከቶሮንቶ፦

እኔም በየዓመቱ ልጆቼን ይዤ አፕል ለቀማ እወጣለሁ፣ አምና አገር ቤት ወስጃቸው ነበር። ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፣ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። እኛ እዚህ ከፍለን ስለምንገባ ልጆቻችን አንድ ጊዜ ገምጦ መጣል ለምደዋል፣ ዛፍ ሥር ግማሽ የተበላ አፕል ተዘርቶ ነው የሚታየው፣ ማንም ምንም አይልም። ሰው ጓሮ ውስጥ ይሄ ያሳፍራል። የእኔ ልጅ አድርጎት ነበር። የቤቱ እናት አጎንብሰው አነሱት፣ በቢላ ጥርሱ የነካውን ገፈፉና ቀሪውን ቆርሰው ለራሳቸው ልጅ ሰጡት። አልተቆጡም፣ ፈገግ ብለው ነው። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከመሄዳችሁ በፊት ማታ ቁጭ አድርገሽ ንገሪያቸው፣ የቀጠፋችሁትን ትጨርሳላችሁ በያቸው።

እና ባዶ እጅሽን አትግቢ። ስኳር ይሁን ቡና ያዢ፣ ከኪሎው ሒሳብ ውጭ ነው እሱ።

የቨርጂኒያዋ እናት፦

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ሁሉ አልጠበቅኩም። የባሶና ልጅ፣ የአባትህን ቅርንጫፍ ነገር ለልጆቼ ነገርኳቸው፣ ትንሿ አለቀሰች። ከትናንት ጀምሮ ወጥ ቤት በር ላይ ፕላስቲክ አፕል በክር ተንጠልጥሎላቸው «ወደ ላይ ቀና፣ ጠምዘዝ» እየተባባሉ ሲለማመዱ ነው የዋሉት። ትልቁ ስለ ዘሩ ትንሽ ከፍቶት ነበር፣ ሁለት ችግኝ እንገዛለን፣ አንዷን አንተ ነህ የምትሰይማት ስለው ተጽናና።

ለእማዬ ደወልኩላት። እሷ እኮ ታውቃለች! ሁለት ቤት አልፎ ያሉት ጎረቤታችን ስድስት እግር አፕል አላቸው፣ እኔ ከሄድኩ በኋላ ነው የተከሉት፣ ለዚህ ነው ያላየሁት። ነገሩን ስትነግራቸው ግንቦት ላይ ቅጠሉን እንዳረገፉ፣ አሁን ፍሬው ጡጫ እያከለ መሆኑን ነግረዋታል። እኛ እስክንደርስ ይደርሳል ብለዋል። በኪሎ እንከፍላለን ስትላቸው መጀመሪያ አኩርፈው ነበር፣ እማዬ ግን በዚያው ጸናች። ለገበያ የሚሆነውን ቀድመው ይሸጡታል፣ የታችኛዋን ቅርንጫፍ ግን ልጆቹ እስኪመጡ አልነካትም ብለው በቀይ ጨርቅ አስረው አቆይተውላቸዋል።