ከቲቫት ወደ ስፕሊት በሸራ ጀልባ፦ ክሮኤሺያ መግቢያው የት ነው?

ሳባ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በጁላይ ከሞንቴኔግሮዋ ቲቫት ተነስተን፣ በዱብሮቭኒክና በኮርቹላ አድርገን ስፕሊት ለመድረስ አስበናል። ጀልባዋ የጓደኛችን ናት፣ የሚነዳውም እሱ ነው። የወረቀቱ ጣጣ ግን እኔ ላይ ወድቋል። መጀመሪያ የት ነው የምንመዘገበው? ንፋሱስ እንዴት ነው?

ካሌብ፦
ከቲቫት ስትወጡ የመውጫ ማህተም አስመቱ። ክሮኤሺያ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ሸንገን (እርስ በርስ የድንበር ፍተሻ የሌላቸው የአውሮፓ አገሮች ቀጠና) ውስጥ ናት፣ ሞንቴኔግሮ ግን የለችበትም። ስለዚህ በቀጥታ ዱብሮቭኒክ፣ ግሩዥ ወደብ ነው የምትሄዱት። የድሮው ከተማ ሥር ያለችው ትንሿ ወደብ አይደለችም፣ እንዳትሳሳቱ። ገና የመግቢያ ምዝገባ ያልጨረሰ ጀልባ የሚሰቅለውን ቢጫ ባንዲራ በቀኝ በኩል ስቀሉ። ማህተም ሳይመታላችሁ ውሃው አማረን ብላችሁ የትም መልህቅ እንዳትጥሉ።
መጀመሪያ ፖሊስ፣ ቀጥሎ የወደብ ካፒቴኑ ቢሮ ነው። የጀልባዋን መዝገብ፣ ኢንሹራንስ፣ የነጂውን መንጃ ፈቃድና የተሳፋሪዎችን ስም ዝርዝር ያዢ። ዝርዝሩን በብዙ ኮፒ አትሚው፣ ሁሉም ይጠይቅሻል። የባሕር ደህንነት ክፍያና የቱሪስት ግብርም አለ፣ በዩሮ ነው።

የሸራ ልጅ፦
እህቴ፣ ወረቀቱ ቀላል ነው። ችግሩ አቅጣጫው ነው። በእነሱ በጋ፣ በጁላይ አካባቢ ማለት ነው፣ ማኤስትራል የሚሉት ንፋስ ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል፣ እናንተ ደግሞ ወደዚያው ነው የምትሄዱት። ረፋዱ ላይ ይጀምራል፣ ከሰዓት ይበረታል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይሞታል። ፔሊየሻትስ ባሕረ ገብ መሬትና ኮርቹላ ደሴት መሃል ያለው መተላለፊያ ጠባብ ስለሆነ እዚያ ይብስበታል። የንፋስ ሰርፈኞች እዚያው ቪጋኝ የምትባል መንደር የሚሰበሰቡት ለዚሁ ነው። እኔ ብሆን ከስፕሊት ነበር የምነሳው።

ካሌብ፦
ጀልባዋ ቲቫት ናት እኮ! ሚልየት ደሴት ላይ ፖላቼ እደሩ፣ ጎህ ሲቀድ ተነሱ፣ ንፋሱ ሳይበረታ ኮርቹላ ግቡ። ጠዋት ሞተር፣ ከሰዓት ዋና። ምን ይጎድላል?

ሜሪ፦
ስለ ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ ወደብ) አንድ ነገር ልጨምር። ጀልባዋ የምትገባው በጀርባዋ ነው። ማሪነሮው፣ የማሪናው ሠራተኛ ማለት ነው፣ ከዳር አንድ ገመድ አንስቶ ይሰጣችኋል። የገመዱ ሌላ ጫፍ ባሕሩ ወለል ላይ ካለ ከባድ ኮንክሪት ጋር ታስሯል። እሱን እየያዛችሁ እስከ ጀልባዋ አፍንጫ ድረስ ትሄዱና ወጥራችሁ ታስራላችሁ። ገመዱ ጭቃና ዛጎል የያዘ ስለሆነ እጅ ይቆርጣል፣ ጓንት ግዙ። ገመዱ ልል እያለ ግን ሞተሩን ማርሽ ውስጥ እንዳታስገቡ። ፕሮፔለሩ ላይ ከተጠመጠመ ጠላቂ ፍለጋ ነው የሚቀራችሁ።
መልህቅ ስትጥሉ ደግሞ ጥቁር የሚመስለው ቦታ ሣር ነው፣ አይዝም። ነጣ ያለውን አሸዋ ፈልጉ።

ሳባ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ! አንድ ልጨምር። ቡራ በሚባለው ንፋስ ሁሉም ያስፈራራኛል። መምጣቱን በምን አውቃለሁ?

የሸራ ልጅ፦
ቡራ ከተራራው ወደ ባሕር የሚወርድ ቀዝቃዛ ንፋስ ነው፣ ከሰሜን ምስራቅ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ድንገት ይመጣል። የተራራው ጫፍ ላይ ነጭ ደመና ቆብ መስሎ ከተኛ ተጠንቀቁ። በእነሱ ክረምት፣ በብርዱ ወራት ነው የሚከፋው፣ በበጋ ቶሎ ያልፋል። ዩጎ የሚባለው ንፋስ ግን ከደቡብ ምስራቅ ቀስ እያለ ነው የሚያይለው፣ ማዕበሉ ትልቅ ነው፣ ለመሸሽ ግን ጊዜ ይሰጣል። የአየር ትንበያው በሬዲዮ በእንግሊዝኛም ይነበባል። ለአደጋ የጀልባዋ ሬዲዮ ቻናል 16 ላይ ክፍት ይሁን፣ በስልክ ደግሞ 195 የባሕር ነፍስ አድን ነው።