«ገበሬውን ሰነፍ አደረገው» ላለው ሰው

የላስታ ልጅ፦
ትናንት ማታ በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ እንግዳው ስለ ውጭ እርዳታ መቋረጥ ተጠየቀ። «እንኳንም ቀረ፤ እርዳታ ገበሬውን ሰነፍ አደረገው» አለ። አዘጋጁም ዝም ብሎ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ።

እናቴ ሴፍቲኔት ሠርታለች፤ በለጋሾች ገንዘብ፣ ሰው ተራራ ላይ እርከን እየሠራ እህል የሚቀበልበት ፕሮግራም ማለት ነው። በ1997 ዓ.ም. ፕሮግራሙ ሲጀመር እኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር አምስት ቀን ነበር ሥራው። እኛ አምስት ነን፤ መሥራት የምትችለው ግን እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ ከጥር እስከ ሰኔ አብዛኛውን የወሩን ቀን ተራራው ላይ ትውላለች። ዶማ፣ አካፋ፣ ባሬላ። ማታ ስትመጣ መዳፏ ተልጦ ቅቤ ትቀባዋለች። ይህን ሁሉ ሠርታ ለነፍስ ወከፍ በወር 15 ኪሎ ስንዴ ነበር የምትወስደው። እሱም ከዘገየ ዘገየ ነው። ጥር የሠራችበትን መጋቢት የተቀበለችበት ዓመት አለ።

እርከኑ አሁንም አለ። ከአስፋልቱ ሆኖ ይታያል። እና ሰነፍ የተባለችው እሷ ናት? ያ ሰው አንድ ቀን ባሬላ ተሸክሞ ያውቃል?

ቀበሌ 07፦
ወንድሜ፣ የእናትህን ልፋት ማንም አልካደም። ግን ተረጋግተን እንነጋገር። ሰውዬው ያወራው ስለ ሥርዓቱ ነው። በ66 ተራብን። በ77 ተራብን። ዛሬም ስማችን ዝርዝር ላይ ይኑር አይኑር ለማየት ቀበሌ በር ላይ ቆመናል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሰው ስንዴ ስንበላ ምን ተለወጠ? እኔ ባደግሁበት ወረዳ ዝናብ በጠገበ ዓመት እንኳ ሰው ለመመዝገብ ሲጣላ አይቻለሁ። ላሙንና በጉን ዘመድ ቤት ልኮ «ምንም የለኝም» የሚል አለ። ይህን መናገር ስድብ አይደለም።

የላስታ ልጅ፦
«ሥርዓቱን» አላለም። «ገበሬውን» ነው ያለው። ሁለት ጊዜ ደግሞታል፣ ጆሮዬ ነው የሰማው።

ላሙን የደበቀው ሰው ደግሞ ለምን እንደደበቀ እኔ ልንገርህ። በ77 አባቱ በሬውን በሽርፍራፊ ሳንቲም ሸጦ፣ ዝናብ ሲመጣ የሚያርስበት አጥቶ የቀረ ሰው ነው። ያለችውን አንዲት ላም እንዲሸጥ እንዳይገደድ ይፈራል። ውሸት ነው በለው፣ እሺ። ስንፍና ግን አይደለም።

ጤና ኬላ፦
ዝም ልል ነበር፣ አልቻልኩም። እኔ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ፣ አንድ ዓመት ሠልጥኜ፣ በ1998 ዓ.ም. ተመደብኩ። ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች ነን። ደመወዛችን የመንግሥት ነው። ክትባቱ፣ ፍሪጁ፣ የወባ አጎበሩ ግን በአብዛኛው በውጭ ገንዘብ የተገዛ ነው። የክትባት ሳጥን በትከሻዬ አንጠልጥዬ ሦስት ሰዓት በእግሬ እሄዳለሁ። በረዶው ሳይቀልጥ መድረስ አለብኝ። የዘገየሁ እንደሆነ ክትባቱ ይበላሻል፣ እናቶቹም ልጅ አዝለው በከንቱ ይመለሳሉ።

እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ 67 ሆነ። «ምን ተለወጠ?» ላልከው ወንድሜ፣ ይህ ተለወጠ። በኔ ቀበሌ እነዚያን ልጆች በስም አውቃቸዋለሁ። ዛሬ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

ሚኒሶታ፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ሥራሽ የተከበረ ነው። ግን እኔ እዚህ አሜሪካ ታክስ ከፋይ ነኝ፤ የምከፍለው የት እንደሚደርስ መጠየቅ መብቴ ነው። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ለትግራይ፣ ሰኔ 1 ቀን 2015 ደግሞ ለመላው አገር የአሜሪካ የምግብ እርዳታ ለምን ቆመ? ስንዴው ገበያ ላይ ስለተገኘ ነው። ለጋሹ ራሱ «የተስፋፋና የተቀናጀ» ዘረፋ ነው ብሎ አወጀ። የዓለም ምግብ ፕሮግራምም ተከትሎ አቆመ። ታዲያ ሌባውን እየቀለብን እስከ መቼ?

ጤና ኬላ፦
ጋሼ፣ ሌባው አንድ ቀን አልጾመም። እርዳታው ለወራት ሲቆም የተራበው ማን ነው? አዛውንቷ ናት፣ ነፍሰ ጡሯ ናት። ከ800 ሺህ በላይ ስደተኞችም ራሽናቸው ተቋርጦባቸዋል። ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ሸሽቶ የመጣ ሰው የመጋዘን ቁልፍ መቼ ያዘ? የሰረቀው ይታሰር፣ ይጣራ፣ መጋዘኑ ይቆጠር። ይህን ለማድረግ የሕፃን ሳህን መድፋት አያስፈልግም።

ሚኒሶታ፦
ካልቆመ ማን ያጣራል? ዝም ሲባል አይደል እዚህ የደረሰው?

ዓባይ ማዶ፦
ሁለታችሁም አንድ ነገር ረስታችኋል። ለጋሹስ ማን ያጣራዋል? የአሜሪካ ሕግ የምግብ እርዳታው ቢያንስ ግማሹ በአሜሪካ ባንዲራ መርከብ ይጫን ይላል። ወንድሜ ሚኒሶታ፣ ለምግብ እርዳታው ከምትከፍለው ታክስ ቀላል የማይባለው ለማጓጓዣ ነው የሚሄደው። የጎጃም ገበሬ ስንዴና በቆሎ ጎተራ ሞልቶ ገዢ ሲያጣ፣ ከውቅያኖስ ማዶ በወራት ጉዞ እህል ይመጣል። በዚያው ገንዘብ እዚሁ ገዝቶ ማከፋፈል ይቻል ነበር። አንዳንዶቹ ይህን ጀምረዋል፣ ግን ጥቂት ነው።

ሄይቲን እዩ። እ.ኤ.አ. ጥር 2010 መሬት ተንቀጠቀጠ። ዓለም ገንዘብ አዋጣ። የአሜሪካ ቀይ መስቀል ብቻውን ግማሽ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ሰበሰበ። ከአምስት ዓመት በኋላ ጋዜጠኞች ሲያጣሩ የሠራው ቋሚ ቤት ስድስት ሆኖ ተገኘ። በዚያው በ2010 ጥቅምት ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች ሰፈር ፍሳሽ ወንዝ ገብቶ ኮሌራ ተነሣ። ወደ 10 ሺህ ሰው ሞተ። ድርጅቱ ይቅርታ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ነው። የሄይቲን ሰው ማን ሰነፍ አለው? ሰነፉ ሌላ ነው።

ሚኒሶታ፦
ሄይቲን ምን አመጣው? ስለ ኢትዮጵያ ነው የምናወራው።

ዓባይ ማዶ፦
ያመጣሁት አንተ ሌብነቱን ሁሉ ወደ እኛ ብቻ ስላስጠጋኸው ነው። ይህ ደግሞ ከሩቅ ሆኖ ማውራት ስለሚቀል ነው።

ሚኒሶታ፦
ተው እንግዲህ። እኔ ለእናቴ፣ ለሁለት እህቶቼና ለአጎቴ ልጆች በየወሩ እልካለሁ። ሌሊት መጋዘን ውስጥ ቆሜ ሠርቼ። «ከሩቅ» አትበለኝ። ማን ሠርቶ ማን እንደሚበላ ከማንም በላይ አውቃለሁ።

የላስታ ልጅ፦
ያንተ ገንዘብ እህቶችህን ሰነፍ አደረጋቸው? መልስልኝ። ካላደረጋቸው፣ 15 ኪሎ ስንዴ እናቴን ምን አድርጎ ሰነፍ ያደርጋታል?

ሚኒሶታ፦
አንደኛዋ በላክሁላት ሱቅ ከፈተች። ሌላዋ… ስለ ቤተሰቤ እዚህ አላወራም።

የቀድሞ ሳኒተሪያን፦
ልጆቼ፣ ዕድሜዬ ስለሚፈቅድልኝ አንድ ነገር ልበል። እኔ ጎንደር ጤና ኮሌጅ የተማርሁ ነኝ። ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ሠርቻለሁ። ገንዘቡና ክትባቱ የውጭ ነው። ከየአገሩ የመጡ ወጣቶችም አብረውን ነበሩ። ባለ ሁለት ጫፏን መርፌ ይዘን በበቅሎና በእግር ነበር የምንሄደው። ሰው አባሯቸው ያውቃል፣ እኛንም አባሮናል። መንደር ከመግባታችን በፊት ቄሱን ወይም ሼኩን እንለምናለን። እነሱ ክንዳቸውን ሲሰጡ ሕዝቡ ይከተላል። የአገራችን የመጨረሻው በሽተኛ የተገኘው ነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። በዓመቱ ሶማሊያ፣ መርካ ላይ የመጨረሻው ሰው ታመመ። በዓለም ላይ በተፈጥሮ የተያዘ የመጨረሻ ሰው እሱ ሆነ። ዛሬ ፊቱ በፈንጣጣ የተበሳሳ ወጣት አታዩም።

እርዳታ ያ ነበር። ቀን ተቆርጦለት፣ ግብ ተቀምጦለት፣ አለቀ። የምግቡ ነገር ግን ማለቂያ ቀን አልተቆረጠለትም። ጭቅጭቁ ከዚያ ይመስለኛል የሚመጣው።

ቀበሌ 07፦
አባቴ፣ እኔም የምለው ይህንኑ ነው! ማለቂያ የለውም። ማለቂያ የሌለው ነገር ሰውን ያሰንፋል።

የላስታ ልጅ፦
እንደገና ያችኑ ቃል! አባባ «ያሰንፋል» አላሉም። እሳቸው ያላሉትን በአፋቸው አታስገባ።

ማለቂያማ ተበጅቶለት ነበር። «ምረቃ» ይሉታል። የተሻለው ሰው ከሴፍቲኔት ይመረቃል። እናቴም ተመረቀች። እንዴት መሰላችሁ? ወረዳው ይህን ያህል ሰው አስመርቁ የሚል ኮታ ነበረበት። ሁለት በግ በብድር ሰጧት። በጎቹን ቆጠሩና «ሀብት አፍርተሻል» አሏት። በዓመቱ አንደኛዋ በግ ሞተች። ብድሩ ግን አልሞተም። እናቴ እስከ ዛሬ «ምረቃ» የሚል ቃል ስትሰማ ፊቷ ይለወጣል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስመረቅ እንኳ «ሌላ ስም የለውም?» ብላኛለች።

ዓባይ ማዶ፦
ይህን ማን ጻፈው? ይህ በየጥናቱ ሊሰፍር የሚገባው ነው። ሪፖርቱ ላይ እሷ «የተሳካላት» ተብላ ነው የተቆጠረችው።

ቀበሌ 07፦
እሺ፣ በዚህ አዝኛለሁ፣ ከልቤ። ግን ይህ የኔን ነጥብ ነው የሚያጠናክረው። ኮታው የተጻፈው ለለጋሽ ሪፖርት ነው። ለጋሽ ባይኖር ማንም እናትህን በበግ አይቆጥራትም ነበር።

ጤና ኬላ፦
ለጋሽ ባይኖር የሚሆነውን ደግሞ እኔ አይቼዋለሁ፣ ልንገራችሁ። ጥር 2017 ዓ.ም. አሜሪካ አብዛኛውን የውጭ እርዳታዋን ስታቆም፣ በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። እኛ ጋ አንዲት ልጅ ነበረች። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ቀጠሮ ያለፋቸውን ሰዎች ትከታተል ነበር። መድኃኒቱ ራሱ ከ1997 ጀምሮ በነፃ ነው የሚሰጠው። ሰው የሚያቋርጠው በትራንስፖርት፣ በሐሜት፣ በተስፋ መቁረጥ ነው። የእሷ ሥራ ያንን ማወቅ ነበር።

የወጣች ቀን ደብተሯን ለኔ ሰጠችኝ። ስም የለውም፣ ቁጥርና የቀጠሮ ቀን ብቻ ነው። ከአንዱ ቁጥር ጎን በእርሳስ «ባሏ አያውቅም፣ ቤቷ አትሂጂ፣ ቅዳሜ ገበያ በቅመም ተራ» ይላል። ከሌላው ጎን «ማታ ብቻ ደውዪ»። ይህን ለማወቅ ስንት ዓመት ፈጅቶባታል። እኔ የራሴ ሥራ አለኝ። ቅዳሜ ቅመም ተራ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፣ ሴትዮዋን አላገኘኋትም።

«እንኳንም ቀረ» ያለው ሰው ይህን ደብተር ቢያየው ደስ ይለኛል።

ሚኒሶታ፦
ይህ ሌላ ነው። እኔ መድኃኒት ይቁም አላልኩም። ስለ ስንዴው ነው ያልኩት።

ጤና ኬላ፦
ጋሼ፣ በወረቀት ላይማ ተለይቶ ነበር፤ አስቸኳይ ምግብና ሕይወት አድን መድኃኒት ይቀጥል ተብሏል። የልጅቷ ውል ግን ተቋርጧል።

የቀድሞ ሳኒተሪያን፦
ልጄ፣ ሦስተኛውን ቅዳሜም ሂጂ።

ጤና ኬላ፦
እሄዳለሁ አባባ።

ቀበሌ 07፦
እኔ ግን ጥያቄዬ አልተመለሰም። መንግሥት በራሱ በጀት ያቺን ልጅ ለምን አልቀጠራትም? እንደዚያ የሚያስፈልግ ሥራ ለሃያ ዓመት በሰው ኪስ ላይ ተንጠልጥሎ ለምን ቆየ? ስንፍና ያልኩት ይህን ነው።

የላስታ ልጅ፦
ይኸውልህ፣ አሁን «ገበሬው» ቀርቶ «መንግሥት» ሆነ። ከጠዋት ጀምሮ የምለው ይህንኑ አይደል? ሰነፍ የሚባል ካለ ቢሮ ውስጥ ፈልጉት። ተራራው ላይ አትፈልጉት።

ቀበሌ 07፦
ቃል አትጥለፍ። ገበሬውም ቢሆን ያለ ስንዴ ተራራውን አይነካም። እህል ከቆመ እርከኑም ቆመ። ሄደህ እይ።

የላስታ ልጅ፦
አሁን እናቴ ጋ ደወልኩ። ያነሳኸውን ጠየቅኳት። ባለፈው ክረምት ጎርፉ እርከኑን ሁለት ቦታ ንዶታል። ከመስቀል በኋላ አሥራ ሰባት ሰው ሆነው ካቡት። ማንም አልከፈላቸውም። አንዷ ጠላ አመጣች፣ እናቴ ንፍሮ ቀቀለች። የተናደው ከእሷ ማሳ በላይ ነው፣ ዝም ቢሉት አፈሩ ይሄዳል።

ቀበሌ 07፦
በል እንግዲህ! ያለ እርዳታ ሠሩ ማለት ነው። ራስህ መለስክልኝ።

የላስታ ልጅ፦
ከመስቀል በኋላ እሸት አለ፣ ሰው ሆዱ ሙሉ ነው። ሰኔ ላይ፣ ጎተራው ባዶ ሲሆን፣ ምን በልተው ድንጋይ እንዲያነሱ ነው የምትፈልገው?

ቀበሌ 07፦
ከመስከረም እስከ ሰኔ ምን ሲያደርጉ ነበር?

የላስታ ልጅ፦
ግማሽ ጥማድ መሬት ለአምስት ሰው ሲያካፍሉ ነበራ! መሬቱን ሰፍረህ ታውቃለህ?