የፍሬን ዘይት ከቀየርኩ በኋላ ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል

ሰላም፣ መኪናዬ የፊቱ ዲስክ የኋላው ታምቡር ነው፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሲስተም) አለው። የፊቱን የፍሬን ሸራ በሴራሚክ ቀየርኩ፣ ዘይቱም ጠቁሮ ስለነበር በዛው ዶት 3 የሚባለውን የፍሬን ዘይት አውጥቼ ዶት 4 ሞላሁ (ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነና ከነዚህ ጋር ስለማይቀላቀል አልነካሁትም)። የፍሬን መስመሩ ውስጥ የገባውን አየር ከሩቁ የኋላ ጎማ ጀምሬ ሳስወጣ መሀል ላይ አንዴ የዘይቱ ዕቃ ባዶ ሆኖብኝ ነበር እና ከዛ ወዲህ ፔዳሉ ልል ሆነ፣ ሁለት ሶስቴ ስረግጠው ይጠነክራል ትንሽ ቆይቶ ደሞ ይሰምጣል። አራቱንም ጎማ ሁለት ዙር ደገምኩት፣ አረፋ አይወጣም፣ የሚያፈስ ቦታም የለም። ልጆች ስለምጭንበት እንዲህ ሆኖ አልነዳውም፣ አቁሜዋለሁ። አየሩ ኤቢኤሱ ውስጥ ገብቶ በስካነር (ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር በሚገናኘው መመርመሪያ) ካልሆነ የማይወጣ ነው ወይስ ዋናውን የፍሬን ፓምፕ ልፍታው?