የአባቴ እግር በመዶሻ ሲነካ ይወረወራል፤ እየዳነ ነው?

ጠያቂ (ጅማ)፦
ሰላም ናችሁ? አባቴን ስትሮክ ከመታው ሦስት ወሩ ነው። ቀኝ እግሩን በፈቃዱ አያንቀሳቅስም። ባለፈው ሐኪሙ ከጉልበቱ ሎሚ በታች በጎማ መዶሻ መታ ሲያደርገው ግን እግሩ ከግራው በልጦ ተወረወረ። እናቴ «አልሐምዱሊላህ፣ ነፍስ ዘራ» ብላ አለቀሰች። እውነት ነው? ደግሞ ውዱእ ሳስደርገው ጉልበቱን ፈጠን ብዬ ካጠፍኩት ግትር ይልብኛል። ቀስ ካልኩ እሺ ይላል። ለምን?

የሕክምና ተማሪ፦
እህቴ፣ አላህ ሺፋውን ያምጣላቸው። እግሩን ያስወረወረው የአንጎል ትእዛዝ አይደለም። መዶሻው ጅማቱን ሲመታ የጭን የፊት ጡንቻ በቅጽበት ይለጠጣል። ጡንቻው ውስጥ መለጠጥን የሚለኩ ረቂቅ መቀበያዎች አሉ። መልእክታቸው በነርቭ በኩል ወደ ህብለ ሰረሰር (በጀርባ አጥንት ውስጥ ወዳለው የነርቭ ገመድ) ይገባና እዚያው ጡንቻውን ለሚያዘው ነርቭ ይደርሳል። መሃል ላይ ሌላ ነርቭ የለም። ጡንቻው ይኮማተራል፣ እግር ይዘረጋል። በዚያው ቅጽበት ከጭን ኋላ ያለው ጡንቻ በአገናኝ ነርቭ በኩል «ላላ» ይባላል። ሁለቱ ቢጎታተቱ እግሩ የት ይሄዳል? ይህን መላላት በሰፊው ያጠናው እንግሊዛዊው ቻርልስ ሸሪንግተን በ1932 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ሌላ አባል፦
ጀበና ሲያቃጥለኝ «ወይኔ» ሳልል እጄ የሚሸሸውስ?

የሕክምና ተማሪ፦
ያም ህብለ ሰረሰር ነው፤ መሃል ላይ አገናኝ ነርቮች ስላሉ ግን መንገዱ ረዘም ይላል። ሕመሙ የሚሰማሽ እጅሽ ከሸሸ በኋላ ነው።

ፊዚዮቴራፒስት፦
እናትሽን በለሆሳስ አስረጂያቸው። ይህን ምላሽ ወትሮ አንጎል በልጓም ይይዘዋል። ስትሮክ ልጓሙን ሲያላላው እግር ይበልጥ ይዘላል። ስለዚህ መወርወሩ ብቻውን የመዳን ምልክት አይደለም። እኔ የምጠብቀው «ጣትዎን ያንቀሳቅሱ» ሲባሉ ትንሽም ቢሆን ሲያንቀሳቅሱ ነው።

መቀበያዎቹ ፍጥነትን ይለያሉ። በችኮላ ስታጥፊው ይቆጣሉ፣ ጡንቻው ይገትራል። ተረከዛቸውን በአንድ እጅ፣ ከጉልበት ሥር በሌላው ደግፈሽ እስከ አሥር እየቆጠርሽ እጠፊው። ከገተረ አትታገዪው፤ ቆም በይና እስኪላላ ጠብቂ። ግትርነቱ በድንገት ከባሰ ምክንያት ፈልጊ፦ የአልጋ ቁስል፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት።

ጠያቂ፦
እየቆጠርኩ ሞከርኩት፤ ስምንት ላይ ለቀቀኝ። ግን ሳገላብጠው ወገቡ ላይ ቀላ ያለ ነገር አየሁ። ነገ በጠዋት ሐኪም ጋ እወስደዋለሁ።