ከባሕር ዳር ወደ ሮም፦ ለጥቂት ቀናት ጉብኝት ምን ይቅደም?

ጥያቄ፦ የሽምብጥ ነዋሪ

ጤና ይስጥልኝ። እኔና አብሮ አደጌ በመጪው መጋቢት ለጥቂት ቀናት ሮምን ለመጎብኘት አስበናል። ጓደኛዬ የከተማችን አስጎብኚ ነው፤ እንግዶችን በጀልባ ወደ ዘጌ እየወሰደ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕሎች አንድ በአንድ ሲያስረዳ የኖረ ሰው ሲሆን፣ አሁን ተራው ደርሶ ራሱ እንግዳ ሊሆን ነው። ክርክራችን የተጀመረው ግን ገና ቪዛ ሳንጠይቅ ነው። እኔ ዳግመኛ የመሄድ ዕድል ማግኘቴን ስለማላውቅ ስሙን የሰማሁትን ቦታ ሁሉ ማየት እፈልጋለሁ። እሱ በበኩሉ፣ በአንድ ቀን ብዙ ገዳም ዞረው ማታ የትኛውን ሥዕል የት እንዳዩት የሚምታታባቸውን ቱሪስቶች እያየ ስለኖረ፣ «ጥቂት መርጠን ረጋ ብለን እንይ» ይላል።

ስለዚህ ሮምን የምታውቁ ሁሉ ምክራችሁን እንድትለግሱን እጠይቃለሁ። ኮሎሲየምንና ቫቲካንን ካየን በኋላ በሚቀረን ጊዜ ምን ብናይ ይሻላል? የትኛውን ብንተወው አይቆጨንም? ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለሆነና ሁለታችንም ስለምንጾም የምግቡም ጉዳይ ያሳስበናል። አገራችንን የሚመለከት ነገር ካለም ጠቁሙን፤ ጓደኛዬ ሲመለስ ለጣሊያን እንግዶቹ የሚነግራቸው ወሬ አጥብቆ ይፈልጋል።

መልስ፦ ጨራ ጨራ

ወንድሜ፣ ለትምህርት ሮም የቆየሁ ሰው እንደመሆኔ በክርክራችሁ ለጓደኛዎ ፈርጃለሁ። ሮም ተሯሩጠው የሚጨርሷት ከተማ አይደለችም፤ የሚሯሯጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜውን የሚያጠፋው በሰልፍ ላይ ነው።

አስቀድሞ ግን ስለ ቪዛው። ከባሕር ዳር የሚነሣ ሰው አሻራ ለመስጠት አዲስ አበባ በአካል መቅረብ አለበት። የሼንገን ቪዛ ክፍያ ለአዋቂ 90 ዩሮ ሲሆን፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድንም ይጠየቃል። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ጀምሮ ማስገባት ስለሚቻል፣ ለመጋቢት የሚሄድ ሰው የካቲት ላይ የሚጣደፍበት ምክንያት የለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፈው በፊውሚቺኖ ነው፤ ከዚያ ወደ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ የሚሄደው ፈጣን ባቡር 32 ደቂቃ ብቻ ይወስዳል።

ኮሎሲየም፣ ፎረም (የጥንቷ ሮም አደባባይ) እና የፓላቲን ኮረብታ በአንድ ቲኬት የሚታዩ ጎረቤታሞች ናቸው። ቲኬቱን ከመነሣታችሁ በፊት በኢንተርኔት ግዙ። የመግቢያ ሰዓትና የጎብኚው ስም ስለሚጻፍበት፣ በበሩ ላይ ከመታወቂያ ጋር ያመሳክሩታል፤ በመሆኑም ስማችሁን በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ሙሉ። (የአባትና የአያት ስም ለ«ቤተሰብ ስም» በተከፈተ ሳጥን ውስጥ የማስገባት ጣጣ የእኛ ዕጣ ነው።) ኮሎሲየም በ80 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የተመረቀ ግዙፍ ሕንፃ ቢሆንም፣ ለአስጎብኚው ጓደኛዎ ከእሱ ይልቅ የምመክረው በፎረሙ ጫፍ ያለውን የቲቶን ቅስት ነው። ከቅስቱ ሥር ገብታችሁ ቀና ብትሉ፣ ኢየሩሳሌም በ70 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በጠፋች ጊዜ ከቤተ መቅደስ የተዘረፈው ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ በወታደሮች ትከሻ ላይ ሲሄድ በድንጋይ ተቀርጾ ታያላችሁ። ኦሪት ዘጸአትን ያነበበ ሰው ያን ቅርጽ ቶሎ ትቶት አይሄድም።

ለቫቲካን ሙሉ ቀን ስጡት። ሙዚየሙ እሑድ ዝግ ነው፤ የሚከፈተው በወሩ የመጨረሻ እሑድ ብቻ ሲሆን፣ ያን ቀን መግቢያው ነጻ ስለሆነ ሰልፉ አያድርስ ነው። ማይክል አንጄሎ ከ1508 እስከ 1512 እ.ኤ.አ. የሣለው የሲስቲን ጸሎት ቤት ጣሪያ የሚገኘው በጉብኝቱ መጨረሻ አካባቢ ስለሆነ፣ ጉልበታችሁን ቆጥቡለት። እዚያ ውስጥ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው። ትከሻና ጉልበት የማይሸፍን ልብስ የለበሰ ሰው ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ አይገባም፤ ይህ ለገዳም ሰው አዲስ ነገር አይሆንም።

የሚተወውን ከጠየቁኝ፣ የስፔን ደረጃ በሚሉት ቦታ ቆሞ ሰው ማየትንና «የእውነት አፍ» በተባለው የድንጋይ ፊት ውስጥ እጅ ለማስገባት መሰለፍን ተዉአቸው። ፓንቴዮን የሚባለውን የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ ግን አትለፉት፤ የጣሪያው ክብ ስፋት 43 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አናቱ ላይ ክፍት ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ ውስጥ ድረስ ይዘንባል።

መልስ፦ የፔዳ መምህር

የጨራ ጨራን ምክር እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ከባሕር ዳር የሄደ ሰው ሮም ላይ ዓባይን ሳያይ ቢመለስ ለእኔ ትልቅ ጉድለት ነው። ሮም ውስጥ ዓባይ በሰው አምሳል ተቀርጾ ቢያንስ በሦስት ቦታ ተቀምጧል።

የመጀመሪያው በፒያሳ ናቮና መካከል፣ ቀራጺው በርኒኒ ለጳጳሱ ኢኖሴንት 10ኛ የሠራውና በ1651 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የአራቱ ወንዞች ፏፏቴ ነው። ዳኑብ፣ ጋንጅስ፣ ሪዮ ዴ ላ ፕላታና ዓባይ በአራት ግዙፍ ወንዶች ተመስለው በዐለቱ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ዓባይን ለመለየት አትቸገሩም፤ ራሱን በጨርቅ የተከናነበው እሱ ነው። ከዐለቱ ሥር ደግሞ ውሃ ሊጠጣ ያጎነበሰ አንበሳ አለ። የተከናነበበት ምክንያት በዘመኑ አውሮፓውያን ምንጩን አናውቀውም ይሉ ስለነበር ነው። እዚህ ላይ ጓደኛዎ ለእንግዶቻቸው የሚነግሩት ወሬ አለ። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ ግሽ ዓባይን ያየው በ1618 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ማለትም ፏፏቴው ከመመረቁ 33 ዓመት በፊት። ፓኤዝ በ1622 በጎርጎራ ሲያርፍ ማስታወሻው ለአውሮፓ ሰው ገና አልደረሰም ነበር። ከማስታወሻው ያን ክፍል በኋላ በመጽሐፉ ያሳተመው ጀርመናዊው ሊቅ አትናስዩስ ኪርኸር ደግሞ በፏፏቴው አናት ላይ የቆመውን የግብፅ ሐውልት ጽሑፍ እተረጉማለሁ ብሎ ከበርኒኒ ጋር የሠራው ሰው ራሱ ነው። የሰከላ ገበሬ ምንጩን ለማወቅ ፓኤዝንም ኪርኸርንም እንዳልጠበቀ መናገር ሳያስፈልግ አይቀርም።

ሁለተኛው በካምፒዶሊዮ ኮረብታ ላይ፣ በከተማው አስተዳደር ሕንፃ ደረጃ ሥር በስፊንክስ ላይ ክንዱን ደግፎ የተጋደመው ነው። ይህን ለማየት ቲኬት አያስፈልግም፤ አደባባዩ ሌሊትም ክፍት ነው።

ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው በቫቲካን ሙዚየም ብራቾ ኑኦቮ በተባለው አዳራሽ ያለው ነው። ጢማሙ ሽማግሌ ተጋድሞ 16 ሕፃናት በእግሩ፣ በክንዱና በትከሻው ላይ ይንጠላጠሉበታል። ሕፃናቱ፣ ግብፅ ጥጋብ ይሆንላት ዘንድ ወንዙ ሊሞላ የሚገባውን 16 ክንድ የሚያመለክቱ ናቸው ይባላል። ወደ ግብፅ ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ ከ80 በመቶ በላዩ ከኢትዮጵያ ከፍታዎች የሚሄድና የሙላቱም ምክንያት የሐምሌና የነሐሴ ዝናባችን ስለሆነ፣ አሥራ ስድስቱም ሕፃናት የእኛ ክረምት ልጆች ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አዳራሹ አንዳንድ ጊዜ ለጥገና ስለሚዘጋ ስትገቡ ጠይቁ።

ከዚሁ ሳልወጣ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ጳጳሱ ሲክስተስ 4ኛ ለመነኮሳት የሰጡት ሲሆን፣ አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና 1549 የግእዝ ሐዲስ ኪዳንን በሮም ያሳተሙት እዚያ ሆነው ነው። አባ ጎርጎርዮስ ዘመካነ ሥላሴ ከጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ጋር በ1649 የተገናኙትም እዚያው ነው። ከቫቲካን አጥር ውስጥ ስለሆነ እንደ ልብ አይገባበትም፤ የቫቲካንን የአትክልት ቦታ የሚያስጎበኝ ጉብኝት ይዛችሁ ብትጠይቁ ግን ቢያንስ አካባቢውን ታያላችሁ።

መልስ፦ ሯጭ ከቀበሌ 14

መምህራችን ካምፒዶሊዮን ካነሡ አበበ ቢቂላን እንዴት ዘለሉት? የ1960 የሮም ኦሊምፒክ ማራቶን የተጀመረው ከዚያው ኮረብታ ግርጌ ነው። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ስለነበር፣ አበበ በባዶ እግሩ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የገባው በዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ምሽት ነው። ቅስቱ ከኮሎሲየም አጠገብ ስለሆነ የተለየ ጉዞ አያስፈልገውም፤ የኮሎሲየሙን ቲኬት ለከሰዓት ብትይዙትና ምሽት ላይ መብራቱ ሲበራ ቅስቱ ሥር ብትቆሙ ይበቃል።

ከቅስቱ በሳን ግሪጎርዮ ጎዳና ጥቂት ደቂቃ ወደ ደቡብ ብትሄዱ ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና ትደርሳላችሁ። ከ1937 ጀምሮ የአክሱም ሐውልት ተተክሎ የኖረው እዚያ ነበር፤ ፊት ለፊቱ የነበረው የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ሕንፃ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ጣሊያን ሐውልቱን ለመመለስ በ1947 ውል ብትገባም፣ ፈርሶ የተነሣው በ2003፣ አክሱም የደረሰው በ2005፣ ዳግም የቆመው ደግሞ በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። አበበ በዚያ ምሽት በዚህ 24 ሜትር ሐውልት አጠገብ አልፎ ነው ወደ ድል የሮጠው። ዛሬ የሚታይ ሐውልት ባይኖርም፣ ባዶውን ቦታ ማየት ለእኔ ብዙ ቆሞ ያለ ሐውልት ከማየት ይበልጥብኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በሰሜን ሮም «የአፍሪካ ሰፈር» በሚባለው አካባቢ የኢትዮጵያ ጎዳና፣ አልፎ ተርፎም የጣና ሐይቅ መንገድ የሚባል አለ። ስሙ ያጓጓል፤ ነገር ግን መኖሪያ ሕንፃዎችና የቆሙ መኪኖች እንጂ ሌላ የሚታይ ስለሌለበት፣ ካሏችሁ ጥቂት ቀናት ግማሽ ቀን ለእሱ አትስጡ። የዶጋሊ ሐውልት ግን ከቴርሚኒ ጣቢያ አጠገብ ስለሆነ ሻንጣ እየጎተታችሁም ቢሆን ታዩታላችሁ፤ በ1887 እ.ኤ.አ. ራስ አሉላ ላሸነፏቸው የጣሊያን ወታደሮች የቆመ ነው፤ የጣቢያው አደባባይም «የአምስት መቶዎቹ» ተብሎ የተሰየመው ለእነሱ ነው።

ጠያቂው፦ የሽምብጥ ነዋሪ

እጅግ አመሰግናለሁ። የመምህሩን መልስ ለጓደኛዬ ባነበብኩለት ጊዜ ክርክሩ በእሱ አሸናፊነት ተዘጋ፤ ኮሎሲየምን ከሐውልቱ ቦታና ከካምፒዶሊዮ ጋር፣ ቫቲካንን ለብቻው፣ ፒያሳ ናቮናንና ፓንቴዮንን ደግሞ ተጎራባች ስለሆኑ በአንድ ቀን ለማየት ተስማምተናል። የቀረውን ቀን ሳናቅድ እንተወዋለን። የምግቡን ጉዳይ ግን ማንም አልነካልኝም።

መልስ፦ ዘንባባ

የጾሙን ነገር እኔ ልመልስ፤ ሮም ውስጥ ሰው ቤት እየሠራሁ ዐቢይ ጾምን ጾሜበታለሁ። ማሪናራ የሚባለው ፒዛ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፤ አይብ የለበትም። ደረቅ ፓስታ እንቁላል የለውም፤ ትኩስ በእጅ የተሠራው ግን ብዙውን ጊዜ ስላለበት ጠይቁ። በዘይትና በነጭ ሽንኩርት የሚሠራው ስፓጌቲ ወይም አራቢያታ የሚባለው የሚያቃጥል ስጎ ይስማማችኋል፤ «ሴንሳ ፎርማጆ» ካላላችሁ ግን አይብ ነስንሰው ያመጡታል። መጋቢት በሮም የአርቲቾክ ወቅት ነው፤ በአይሁድ ሰፈር በዘይት ተጠብሶ እንደ አበባ ተከፍቶ ይቀርባል፤ ቅጠሉ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል፤ ከጾም ምግብ ሁሉ የናፈቀኝ እሱ ነው። ፑንታሬሌ የሚሉት ሰላጣ ግን ውስጡ ትንንሽ ዓሣ ስላለበት ተጠንቀቁ። (ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን የባሕር ዳር ክርክር እዚህ አንክፈተው።)

ከሁሉ የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ፣ በዚያ ሰዓት አብዛኛው ምግብ ቤት የምሳ አገልግሎቱን ጨርሶ ኩሽናውን ይዘጋል፤ የሚከፍተውም ማታ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። መፍትሔው ፒዛ እየቆረጡ በሚዛን የሚሸጡ ሱቆች ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ። ውሃ አትግዙ፤ በየመንገዱ ያሉት ብረት ቧንቧዎች የሚያፈሱት ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ነው። ቡና ቆማችሁ ባንኮኒው ላይ ጠጡ፤ ከተቀመጣችሁ ዋጋው ይጨምራል። በቴርሚኒ ሜትሮና ወደ ቫቲካን በሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ ቦርሳችሁን ከፊታችሁ አድርጉ፤ ፓስፖርታችሁ ሌላ ኪስ ይግባ።