ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ሐሳብ፦ የቁጠባ ሲስተማችን ኮሚት

ፕሮግራመር፦ ያ ጉድ እንዳይደገም ይሄን እናቅርብ። ሲስተማችን የተሠራበት ጃንጎ የሚባለው የፕሮግራም ማዕቀፍ፣ ካልነገሩት በቀር እያንዳንዱን ሴቭ ወዲያው ኮሚት ያደርጋል፤ ማለትም ዳታቤዙ ላይ ያጸድቀዋል። ከቁጠባ ተቀንሶ ብድር ላይ ሳይደመር ሰርቨሩ ቀጥ ሲል ብሩ መሃል ላይ የቀረው ለዚህ ነው። አቶሚክ ሪኩዌስትስ የሚባለውን የጃንጎ ሴቲንግ ትሩ እናድርገው፤ የአንድ ጥያቄ ሥራ ሁሉ በአንድ ትራንዛክሽን ይታሰራል። ወይ ሁለቱም ይመዘገባል፣ ወይ አንዱም።

ኦዲተር፦ አይበቃም። የዝውውሩ ቪው፣ ጥያቄውን የሚያስተናግደው ኮድ፣ ስህተቱን በትራይ ኤክሴፕት እዚያው ይዞ «እንደገና ይሞክሩ» የሚል ገጽ ይመልሳል። ስህተቱ ከቪው ካልወጣ ጃንጎ ሁሉ ሰላም ብሎ ኮሚት ነው። ትራንዛክሽን አቶሚክ የሚባለውን ብሎክ ዝውውሩ ላይ ብቻ፣ ከትራዩ ውስጥ እናስገባ። ስህተቱ ብሎኩን ጥሶ ሲወጣ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። ለሁሉም ገጽ ካደረግነው ግን ያን የሚንቀራፈፍ ሪፖርት ምን ብለን ትራንዛክሽን ውስጥ እናቆየዋለን?

ገንዘብ ያዥ፦ ኤስኤምኤሱስ? ብሩ ሳይገባ «ገብቷል» የተባሉት እኔን ነው የሰደቡኝ።

ፕሮግራመር፦ ኦን ኮሚት ላይ ይንጠለጠላል እትዬ። ኮሚት ከሌለ አይላክም።

ገንዘብ ያዥ፦ እሺ። ግን ኤስኤምኤሱ ሰዓቱን 14:10 ነው የሚለው። 8:10 ይበል።

የዲሲው አባል፦ እኔ 8:10 ሲለኝ ጠዋት ነው የሚመስለኝ። አይነካ።

ገንዘብ ያዥ፦ እዚህ ያለው አባል ይበዛል። ለእያንዳንዱ 6 ቀንስ እያልኩ ልደውል?

የዲሲው አባል፦ በብዛት ከሆነ መዋጮውን እንቁጠር።

ገንዘብ ያዥ፦ በዶላርህ ልታስፈራራን ነው?

ኦዲተር፦ 8:10 ከቀኑ ነው ከሌሊቱ? እሱም ይጻፍ።

ሰብሳቢ፦ ኧረ ተዉ!

ፕሮግራመር፦ ዳታቤዙ ሰዓቱን የሚያስቀምጠው በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት ነው። አባሉ ራሱ የሚያይበትን ይምረጥ። አሁን ወደ ኮሚቱ።

ኦዲተር፦ ምርጫ ከተጨመረማ ቀኑም በእኛ አቆጣጠር ይሁን።

የዲሲው አባል፦ ምርጫ ካለ ተስማምቻለሁ። የመዋጮው ነገር ይቅር፣ ተናድጄ ነው።

ሰብሳቢ፦ ቴስቱን እጽፋለሁ ያለው ልጅ የት ገባ?

ፕሮግራመር፦ ስልኩን አያነሳም። የጻፈው ግማሽም አይሠራም። ተራው የጃንጎ መሞከሪያ፣ ቴስትኬዝ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉንም ወደነበረበት ስለሚመልስ ኦን ኮሚቱ አይጠራም። በትራንዛክሽን ቴስትኬዝ ግን ይጠራል።

ሰብሳቢ፦ በቃ፣ ለጉባኤው፦ 1ኛ የሰዓት ምርጫ፣ 2ኛ የቀን አቆጣጠር፣ 3ኛ የኤስኤምኤሱ ጽሑፍ።

ገንዘብ ያዥ፦ ጽሑፉን እኔ አረቅቃለሁ።

ፕሮግራመር፦ አቶሚኩስ?

ሰብሳቢ፦ «ልዩ ልዩ» ሥር አስገባው።