«ነጠቀ» ማለት ምን ማለት ነው? ስለ ጃፓናዊቷ ዘፋኝ ዩሚ ማትሱቶያ የገና ዘፈን

ካሴት ሰብሳቢው፦ ትናንት በአንድ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ «የዩሚ ማትሱቶያ ‹ፍቅረኛዬ የገና አባት ነው› የጃፓንን ገና ከልጆች ነጥቆ ለጥንዶች ሰጠ» ሲባል ሰምቼ ሬዲዮኔን ዘጋሁት። እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው «ሰርፍ ኤንድ ስኖው» አልበም ውስጥ ካሉት ዘፈኖች አንዱ እንጂ በነጠላ ዜማነት እንኳ ያልወጣ ሥራ ይህን ያህል ጉልበት ከየት አገኘ?

ሰምና ወርቅ፦ ከግጥሙ ነዋ! ዘናጯ የጎረቤት ልጅ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የገና አባት ቤቷ እንደሚመጣ ስትነግራት ትንሿ ልጅ «እሱማ የተረት መጽሐፍ ወሬ ነው» ትላለች፤ እሷም ጠቀስ አድርጋት፣ ስታድጊ ይገባሻል ብላ ታልፋታለች። የሚመጣው ደግሞ ጢማም ሽማግሌ ሳይሆን ቁመተ ረጅም ወጣት ነው። ይህ መንጠቅ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ካሴት ሰብሳቢው፦ መንጠቅ የሚባለው ንብረቱ ባለቤት ሲኖረው ነው፣ ወንድሜ። ክርስቲያኑ ከመቶ አንድ ገደማ በሆነበትና ዲሴምበር 25 የሕዝብ በዓል ባልሆነበት አገር ባለቤቱ ማን ነበር?

የኬክ ወዳጅ፦ ልጆቹ ነበሩ እንጂ! ዘፈኑ ከመውጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ጀምሮ አባቶች ከሥራ ሲመለሱ የገና ኬክ ይዘው ይገቡ ነበር፤ የተጠበሰ ዶሮ ሻጩ ኬንታኪም ቢሆን በመላ አገሪቱ የገና ማስታወቂያውን የጀመረው በ1974 ነው። «ባለቤት አልነበረውም» ማለት ያን ኬክ የበሉትን ልጆች መካድ ነው።

ባቡር ጠባቂ፦ ተከሳሹን ተሳስታችኋል። የዘፋኙ ታትሱሮ ያማሺታ «ክሪስማስ ኢቭ» የተሰኘ ዘፈን በ1983 ወጥቶ፣ የባቡር ኩባንያው ጄአር ቶካይ ከ1988 ጀምሮ በጣቢያ የሚገናኙ ፍቅረኞችን በሚያሳየው ማስታወቂያው ካሰማው በኋላ፣ በዲሴምበር 1989 የሽያጭ ሰንጠረዡን አናት ያዘ። የገናን ምሽት የጥንዶች ያደረገው እሱ ነው።

ሰምና ወርቅ፦ የጠቀሱት ዘፈን እኮ የሚጠብቃት የማትመጣለት ሰው ብሶት ነው! መሐል ላይ የጥንቱን የሙዚቃ ደራሲ የፓኬልቤልን «ካኖን» የተሰኘ ዜማ በራሱ ድምፅ ደራርቦ ማዜሙን እኔም አደንቃለሁ፤ ነገር ግን ብቻውን የቀረ ሰው ገናን ለጥንዶች ሰጠ ብሎ መክሰስ ግፍ ነው።

ካሴት ሰብሳቢው፦ እንግዲህ በማስታወቂያ ከሆነ፣ የዩሚንም ዘፈን አገር ምድሩ የያዘው በ1987 በወጣ የበረዶ ሸርተቴ ፊልም ውስጥ ከተሰማ ወዲህ ነው። ስለዚህ የነጠቀው ሲኒማው እንጂ ዘፈኑ አይደለም።

የኬክ ወዳጅ፦ አሁን «የነጠቀው» አሉ፤ ቅድም ባለቤት የለውም ሲሉ አልነበረም? ደግሞስ የዩሚን ዘፈን ዘፋኟ ሴይኮ ማትሱዳ በ1982 ዳግም የዘፈነችውን ወዴት ጣሉት?

ካሴት ሰብሳቢው፦ የሴይኮን አድናቂዎች ማን ጠራቸው?

ሰምና ወርቅ፦ ሁለተኛውን አንጓ ያደመጠ ሰው የለም ማለት ነው። ያቺን ጎረቤት የገና አባት አንድ ቀን ወደ ሩቅ ከተማ ወስዷት በዚያው ቀርታለች፤ የተነጠቀ ካለ እሷ ናት።

የኬክ ወዳጅ፦ ቅኔዎን ለማኅሌት ያቆዩት፤ እኔ የጠየቅሁት ስለ 1982 ነው።